ከዙፋኑ ስር ያለችው ንብ

መዶሻው ወደ ላይ ሲነሣ ሽማግሌው ቀራጭ ከሥራው ቀና አለ። በአንጾኪያ የብር መምቻ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነገሥታቱ ብር የሚመታበትን ማኅተም የቀረጸው እሱ ነበር፤ የአዲሱን ንጉሥ ግን የቤቱ አለቃ አንሥቶ ለሶስያስ፣ ሽማግሌው ራሱ የመሮ አያያዝ ላስተማረው ሰው ሰጠበት። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልበላለት ብሎ ነበር። ትናንት ግን ሶስያስ ዘወር ሲል ማኅተሙን ሰረቅ አድርጎ አየና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ማኅተም ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ያ ብልጣብልጥ ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠውን አምላክ ዜውስን ንሥሩን በቀኝ እጁ አስይዞታል። ብሩ ላይ ሲወጣ አምላኩ በቀኝ እጁ መያዝ ያለበትን ንሥር በግራ እጁ ሊይዘው ነው! አይቶ እንዳላየ ዝም አለ።

መዶሻው ወረደ። ሶስያስ ትኩሷን ብር በጉጠት አንሥቶ፣ አለቃውን አልፎ ወደ ሽማግሌው መጣ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ።»

«የኔ ዓይን ምን ያደርግልሃል? አንተ እኮ አሁን የንጉሥ ሰው ነህ።»

«ኧረ ይተዉ! ያለ እርስዎ እኔ ማን ነኝ? ዛሬ ጠዋት ከዙፋኑ ስር የጨመርኩትን ይዩልኝማ።»

አየ። ንሥሩ እንደጠበቀው በግራ እጅ ላይ ነበር። ከዙፋኑ ስር ግን አንዲት ትንሽ ንብ ተቀምጣለች፤ እሱ ሠላሳ ዓመት በሥራው ሁሉ ላይ የቀረጻት፣ ከተማው በሙሉ በእሱ ምልክትነት የሚያውቃት ንብ። ስሕተቱን የሚያይ ሁሉ አሁን የሽማግሌው ሥራ ነው ሊል ነው።

«እስቲ አምጣት» አለ አለቃው እጁን ዘርግቶ።

ሽማግሌው ብሯን ከጉጠቱ ነጥቆ በመዳፉ ጨመቃት። ታቃጥል ነበር፤ እሱ ግን አልለቀቃትም።