የየኔታ ላቀው ጥምጥም

የኔታ ላቀው ጠዋት ላይኛው ቅኔ ቤት፣ ከሰዓት ታችኛው ሲያስተምሩ ኖረው፣ መሀል መንገድ ላይ ባለችው ባልቴት ደጅ ወድቀው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ጥምጥማቸውን የአንዱ ቅኔ ቤት ተማሪ ሲሰርቅ የሌላው ሲነጥቅ ስንት ራስ ተፈነከተ! ቅኔውን ትቶ ለጨርቅ!

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ገቡና ጥምጥሙን ባልቴቷ ጭን ላይ አኖሩት። ተማሪው ዱላውን ጨብጦ በግራ በቀኝ ቆሟል። የታችኞቹ መሪ የገዛ ልጇ ነው፤ ዱላ ከተነሳ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

«እሜቴ፣ የኔታ ጥምጥሙን ለማን ተናዘዙ?» አሉ ሽማግሌው።

የኔታ ቃል ሳይተነፍሱ ነው የሞቱት። ባልቴቷ ጥምጥሙን መፍታት ጀመረች።

«ኧረ በስመአብ! እሳቸው የጠመጠሙት ይፈታል እንዴ?» ጮኸ አንዱ ተማሪ።

«ለሁለት ቀድጄ ልገላግላችሁ ነው። አፍህን ዝጋ!»

የመጨረሻው ዙር ሲፈታ፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ የኖረ ቀይ ጥለት ብቅ አለ። እጇ ቀጥ አለ። በሙሽርነቷ አጥር ላይ አስጥታው የጠፋባት፣ ታናሽ እህቷን «ሌባ» ብላ እስከ ዛሬ የተኳረፈችበት የሰርጓ ነጠላ ነው።

«ታዲያ ለማን ይሁን?» አሉ ሽማግሌው።

ነጠላውን ተከናንባ ተነሳች።

«ልጄ፣ ዱላህን ጣልና አክስትህ ቤት አድርሰኝ።»