የሻምፒዮኑ ጌም ለምን ተቆራረጠ?

«ማነው ኢንተርኔቱን የሚጨርሰው?! አንቺ ነሽ አይደል?!»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩ ላይ እንዲህ ሲያንባርቅ፣ ቢሮ ምሳ እየበላን የነበርነው በሙሉ ቀና አልን...

የሚጮህባት ሴት የአባቱ አስታማሚ ናት። በዕድሜ ታላቅ እህቱን ታክላለች።

ጥፋቷ ምን መሰላችሁ?

ጌሙ ተቆራረጠበት!

አዎ... ጌም!

ይሄን የሥራ ባልደረባዬን «ሻምፒዮን» ነው የምንለው። በእጅ የምትያዝ የጌም ስክሪን ገዝቶ፣ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ አይለያትም። ኳስ ይጫወትባታል።

ዋናው ማሽን ግን ያለው አባቱ ቤት ነው። ጌሙ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ምስሉ በኢንተርኔት እሱ እጅ ላይ ይመጣል። የአባቱን ቤት ኢንተርኔት ያስገባውም እሱ ነው።

ለአባቱ አስቦ እንዳይመስላችሁ... ለጌሙ ነው!

በፊት ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ሰሞኑን ግን ኳሷን ሊመታ ሲል... ድርቅ! ሲመለስ ጎል ተቆጥሮበታል።

«ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ላይ ተጥዳ ነው» አለ። «ዛሬ ነው የማባርራት!»

«ቆይ... አባትህን ማን ያነሳቸዋል? ማን ያጥባቸዋል?» አልኩት።

«ሌላ እቀጥራለሁ። አስታማሚ እንደሆነ ሞልቷል!»

ኧረ ምን ጉድ ነው ይሄ?! አባትየው እግራቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ናቸው። ከቀሯቸው ሰዎች አንዷ ይቺ ሴት ናት። እሱ ለጌም ብሎ ሊነጥቃቸው ነው!

ቆሽቴ አረረ።

ከሥራ ስንወጣ በእኔ መኪና አባቱ ቤት ሄድን። ለእሱ ብዬ አይደለም... ሴትዮዋን ብቻዋን አግኝቶ እንዳያዋርዳት ብዬ ነው።

በሩን ስትከፍት እጇ ሳሙና በሳሙና ነበር።

«ውይ ወንድሜ! እንኳን መጣህ፣ ግባ...»

ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ስልክሽን አምጪ!»

እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ከኪሷ አወጣችለት።

ባለ ቁልፍ ስልክ! ከመደወል በቀር ምንም የማታውቅ!

እኔ በእሱ ፋንታ አፈርኩ። እሱ ግን ምን ተዳው...

ሳሎን ገባ። ቴሌቪዥኑ የለም፤ ማሽኑም የለም። የኢንተርኔቱ ገመድ ብቻ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ሸጥሽው?!» ብሎ አፈጠጠባት።

«ኧረ ወንድሜ በፈጠረህ! ጋሼ እንዳትነግሪው ብለው አስምለውኝ ነው...»

ይሄኔ ከመኝታ ቤት ደከም ያለ ድምፅ መጣ።

«ልጄ... አንተ ነህ?»

ስንገባ ቴሌቪዥኑም ማሽኑም አልጋቸው ግርጌ ተቀምጠዋል።

የመቆራረጡ ምክንያት ይኸው! ገመዱ መኝታ ቤት ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ማሽኑ የሚሠራው ግድግዳ አቋርጦ በሚመጣ ደካማ ዋይፋይ ነበር።

«አባዬ! ይሄን እዚህ ምን አመጣው?»

አባትየው አንገታቸውን ደፉ። በገዛ ቤታቸው!

«እኔ ነኝ አምጪልኝ ያልኳት፤ እሷን እንዳትቆጣት። አንተ የትም ሆነህ ስትጫወት እዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል። ሳሎን ወጥቼ ማየት ሲያቅተኝ ጊዜ ነው...»

«ኳስ ካማረህ ስንት ቻናል አለ አይደል እንዴ?»

«ኳሱን አይደለም ልጄ። አንተን ነው የማየው። ሰውየው ሲሮጥ፣ የሚያስሮጠው የልጄ ጣት ነው፤ ስለዚህ ደህና ነው እላለሁ።»

ሻምፒዮኑ ወደ አልጋው ቀረብ አለ።

«ሰሞኑን ግን አስጨነቅከኝ» አሉ አባትየው። «እየሮጥክ እየሮጥክ ሜዳው መሃል ቀጥ ትላለህ። ኳሱን ሲቀሙህ እንኳ አትነቃነቅም። አሞት ነው እንጂ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ራስህን ያዞርሃል እንዴ?»

ገባችሁ? አባትየው ጋ ምስሉ አይቆራረጥም። ልጁ ጋ ሲደርቅበት፣ እዚህ ያለው ተጫዋች ተገትሮ ይቀራል። እሱ በንዴት ሴትዮዋን ሲሰድብ፣ አባቱ ታሞብኛል ብለው ይጨነቃሉ!

«ታዲያ ለምን አትደውልልኝም አባዬ?» አለ።

«ደወልኩ እንጂ። ስብሰባ ላይ ነኝ አልከኝ።»

ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ...

«እዚህ ላይ ግን እየተጫወትክ ነበር። እኔም፣ እሰይ ትንሽ አረፈልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።»

በቃ። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሻምፒዮኑ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ቆይ ግን፣ «ውይ ሲያሳዝን» ለማለት አትቸኩሉ!

ሴትዮዋን ይቅርታ የጠየቃት እኔ በክርኔ ጎሸም ካደረግኩት በኋላ ነው። ያውም በማይሰማ ድምፅ።

በነጋታው ረጅም ገመድ ገዝቶ እስከ መኝታ ቤቱ ዘረጋ። ለቢሮ ሰው ሲያወራ ሁሉም «ጎበዝ ልጅ! የአባት ልጅ!» አሉት።

እኔ አላጨበጨብኩለትም።

ምክንያቱም ጌሙ አሁን አይቆራረጥም... እሱም ከዚያ ወዲህ አባቱ ቤት አልሄደም። በየምሳ ሰዓቱ እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይጫወታል። እዚያ አባት ትራሳቸውን ደገፍ ብለው የልጃቸውን ጣት ያያሉ።

ወገን! ወላጅ ስንዋሸው ዝም የሚለው ስላላወቀብን አይደለም። እያወቀ፣ እንዳናፍር ብሎ ነው የሚያልፈን። ገንዘብ ለገመድ ይበቃል፤ ለአባት ግን ራሳችን ነን መሄድ ያለብን።

እስቲ ፍረዱ... እናንተ እኔን ብትሆኑ ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ያቺን ስክሪን ከእጁ ነጥቃችሁ «ተነስ፣ አባትህ ጋ ሂድ!» ትሉታላችሁ ወይስ አያገባኝም ብላችሁ ምሳችሁን ትበላላችሁ?