የኒቭ ጥያቄዎች

ሃሩን ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ቴሌቪዥንና ስፒከር የሚጠግንበት አንድ ክፍል ሱቅ አለው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አይቀበልም። እሱና ሁለት ጓደኞቹ የኤሌክትሪክ ጊታሮቻቸውን ይዘው ይገቡና በሩን ገርበብ ያደርጉታል።

ሃሩን የወራቤ ሰው ነው። ገና በወጣትነቱ ሚስቱ ሞታበት፣ ሕፃን ልጁንም በዚያው ዓመት በሰው እጅ ትቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላገባም። የጃፓን ሥሪት የሆነች አሮጌ ጊታር አለችው። በፍቃዱ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሠራል፤ የእሱ ጊታር ከባድ ስለሆነች ቆሞ ሲጫወት ትከሻውን ያመዋል። ምትኩ ላፍቶ ውስጥ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ጊታሩ የቻይና ናት፤ ይህንንም በየሳምንቱ ያስታውሱታል።

ሥራቸው ማወዳደር ነው። አንዱን ዜማ በአንዱ አምፕሊፋየር በየተራ ይጫወቱና የማን ድምፅ እንደሚወፍር ይከራከራሉ። ተስማምተው አያውቁም።

አንድ ቅዳሜ ምትኩ ሃሩንን ከነጊታሩ ፎቶ አነሳውና ጊታር ወዳዶች የሚያወሩበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፈው። ከሥሩ የሃሩንን ስምና የትውልድ አገር፣ የጊታሯንም ዓይነት ጻፈ። በማግስቱ ኒቭ የምትባል አየርላንዳዊት መልስ ሰጠችው። የሃሩን ጊታር ደስ እንዳለቻት ጻፈች።

ከዚያ በኋላ መጻጻፍ ጀመሩ። ምትኩ ቋንቋ ይወዳል። የኒቭ ቤተሰብ የሚኖረው በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ስለሆነ ቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ሳይሆን አይሪሽ ነበር። ምትኩ አስተምሪኝ አላት፤ ጀመረችለት።

«የኬልቶች፣ የጥንት የአውሮፓ ሕዝብ ቋንቋ ነው» አለ ምትኩ፣ ጊታሩን እየቃኘ። «ዌልስ ውስጥ የሚነገረውና ፈረንሳይ ያለው ብሬቶንም ዘመዶቹ ናቸው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። እነሱ መጀመሪያ።»

«እኛ ተናግረን እስክንጨርስ እነሱ ሠርተው ይገባሉ ማለት ነው» አለ በፍቃዱ።

«አዎና አይ የሚል ቃልም የላቸውም። መጣህ ወይ ሲሉህ መጣሁ ነው የምትለው።»

«ወረዳ ቢሠሩ ይሻላቸዋል። እኛ ዘንድ አዎም አይም አይባልም።»

ሃሩን አልሳቀም። «ስንት ሰው ቀረው የሚናገረው?»

«ከድሮው በጣም አንሷል። ልጆቹ ያፍሩበት ነበር አለችኝ።»

«የእኔም ስልጥኛ ከስልክ አልወጣ አለ። እናቴ ካልደወለች አልናገረውም» አለና ሃሩን ወደ ሽቦዎቹ ተመለሰ።

ምትኩ ይህንንም ለኒቭ ጻፈላት። እሷም ስልጥኛ እንዴት ያለ ቋንቋ እንደሆነ፣ የሃሩን እናት በሕይወት መኖራቸውን፣ የት እንደሚኖሩም ጠየቀችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃሩን ይህን ሲሰማ የያዘውን መበየጃ አስቀመጠ።

«እናቴ ጊታር ትጫወታለች እንዴ?»

«ወሬ ነው ጋሼ ሃሩን።»

«ሌላስ ምን ጠየቀችህ?»

ምትኩ አሰበ። ሃሩን ጊታሯን መቼ እንዳገኛት ጠይቃለች። ወራቤ ስንት ዓመት እንደኖረ ጠይቃለች። ሱቁ የት እንደሆነ፣ አብሮት የሚኖር ሰው መኖሩንም ጠይቃለች። ስለ በፍቃዱ ጊታር አንድም ጊዜ አልጠየቀችም።

በፍቃዱ ይህ ትንሽ ከነከነው። ስልኩን አውጥቶ ፈለገና የሃሩን ዓይነት ጃፓን ሠራሽ ጊታር ዛሬ እንደማይገኝ፣ ፈረንጆች እንደሚያሳድዱት አነበበላቸው።

«በቃ» አለ ሃሩን። «ብቻውን የሚኖር ሰው፣ ውድ ዕቃ፣ የሱቅ አድራሻ። ሌባ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል?»

«የጊታር ፍቅር ነው እንጂ...»

«ምትኩ፣ ወንድሜ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ አንድ ቃል እንዳትጽፍላት።»

ምትኩ ቃል ገባ። ኒቭ ግን ደጋግማ ስለ ሃሩን ጠየቀች፤ ዝም ሲላት ብዙ ቀን ጠፋች። ከዚያ አጭር መልእክት መጣ። አዲስ አበባ ልትመጣ ነው። ብስራተ ገብርኤል አንድ ማረፊያ ይዛለች። ቅዳሜ ሱቁ ትመጣለች፤ ባለ ጃፓኗ ጊታር እንዳይቀር ለምናለች።

«አየህ?» አለ ሃሩን።

ያም ሆኖ አልቀርም አለ፤ ሱቁ የእሱ ነው። ጊታሯን ግን ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ሲሃም ዘንድ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። በፍቃዱ የወረዳውን ደንብ አስከባሪ አዋየው፤ ሰውየው ከሻይ ቤቱ ሆኖ በሩን እንዲያይ ተስማሙ። ምትኩ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሃሩን ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አየው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም ተቀምጠው ፈረንጅ ጠበቁ። አንድ ፈረንጅ በታክሲ መጣ፤ ግን ወንድ ነበር፤ ወደ አልባሳት ሱቅ ገባ።

በኋላ አንዲት ጠይም ወጣት ቦርሳ አንግታ በሩ ላይ ቆመች። የሰፈር ልጅ ትመስላለች።

«ዛሬ ሥራ የለም እህቴ» አለ ሃሩን። «ስልክ ከሆነ ሰኞ አምጪው።»

ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። አማርኛ የገባት አልመሰለም። የበፍቃዱንም የምትኩንም ጊታር አላየችም። ሃሩንን ብቻ ነበር የምታየው። እንግሊዝኛ ጀመረችና ሁለት ቃል እንዳለች ተወችው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ በሌላ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ደገመችው።

በፍቃዱ ወደ ሻይ ቤቱ ምልክት ሊሰጥ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አለው ምትኩ። ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ማን ናት?» አለ ሃሩን። «ምንድን ነው የምትለው?»

ምትኩ ጊታሩን ከጉልበቱ ላይ አወረደ።

«ኒቭ ናት። ልጅህ ነኝ እያለችህ ነው።»