ሦስት ሰከንድ

በሆስፒታሉ የመመዝገቢያ ወንበር ተወራርደው፣ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ለመመዝገብ ሁለቱም እኩል ጀመሩ፤ ሥራ አስኪያጁ በማውስ፣ አፍሪዬ በኪቦርድ ብቻ። ሥራ አስኪያጁ በአሥራ አንድ ሰከንድ ጨረሰ፣ እሷ በአሥራ አራት። ሰዓት የያዘችላቸው ነርስ ሰዓቱን አላመነችውም፤ አፍሪዬ የኩማሲን ከተማ ሕዝብ ከነቅድመ አያቱ የመዘገበች፣ ጣቶቿ መብረቅን ቁጭ በል የሚሉ ሴት ነበረችና።

«ቃል ቃል ነው፣ አክስቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ወንበሩ ከነገ ጀምሮ የማውስ ነው። እርስዎ መዝገብ ቤት ወርደው አቧራ ያራግፋሉ።»

የአፍሪዬ ንዴት ሦስት ምጣድ ለማጋል ይበቃ ነበር። ድምፅዋን ግን ዝቅ አደረገች። «አንተ ልጅ፣ የመዘገብከው ሰውዬ ምን ለብሷል?»

ያኔ ገና ወደ በሽተኛው ዞረ። ሽማግሌው ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ ከወንበሩ ወደ ወለሉ እየተንሸራተቱ ነበር። ያልወደቁት የአፍሪዬ ግራ እጅ በጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ብብታቸውን ስለያዘ ነው፤ ውድድሩ ከተጀመረ አንስቶ አልለቀቃቸውም። ነርሷ ሰዓቱን ጥላ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

«አንተም ናና ያዛቸው» አለች አፍሪዬ፣ በቀኝ እጇ ኪቦርዱን ወደ ራሷ እየጎተተች። «ከዚያ በሁለት እጄ እንወዳደራለን።»