ያለ ፈቃድ የተመታ ሚስማር

የደብሪቱ ብሶት አንድ ነው፤ ኮርኒስ። የቀበሌ ቤቷ ጣሪያ ባዶ ቆርቆሮ ስለሆነ የከሰሉ ሙቀት ሽቅብ ይወጣና ይጠፋል፤ አሮጊት እናቷን ብርዱ ሲያስላቸው ያድራል። በቀበሌ ቤት ደግሞ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት ክልክል ነውና ማዘጋጃ ቤት ስትመላለስ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን ስትገባ ኃላፊው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክቶ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቷል።

«እናት፣ ጉዳይሽ በሂደት ላይ ነው አልኩሽ እኮ!»

«መስኮቱስ ለምን ተከፈተ?»

«ሙቀቱ በዝቶብኝ።»

ቱግ ብላ ወጣች።

በማግስቱ የመዶሻ ድምፅ የሰማው የቀበሌ ተቆጣጣሪ ቤቷ ዘው አለ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እሳቸው!» አለች ወደ ላይ እየጠቆመች።

ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር የገነጠለችው ሰፊ ባነር ከቆርቆሮው ሥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተወጥሯል። ከንቲባው «ኃይል እንቆጥብ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን ሆነው ቁልቁል ፈገግ ብለዋል።