ሁለታችን ያለንባት ፎቶ

«በረጅሙ ይተንፍሱ። ያዙት። እንዳይንቀሳቀሱ።»

ድምፅዋ ከራጅ ክፍሉ በር ጀርባ ይመጣል። በሽተኛው ትንፋሹን ሲይዝ እኔም እይዛለሁ። ስልኳ እጄ ላይ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ሆስፒታል ለራጅ ክፍል ኃላፊነት ትፈተናለች። ባለፈው ወር እዚያ የተፈተነችውን አንዲት አዋላጅ፣ ፈታኞቹ የፌስቡክ ገጿን ጠረጴዛ ላይ ከፍተው ነው ያፋጠጧት አሉ። እና ጠዋት እንደገባች ስልኳን ከራጅ ክፍሉ ፊት ለፊት በምሠራበት የካርድ ክፍል መስኮት ላይ አስቀመጠችው። «ወንድሜ፣ ያንተ ዓይን የአሞራ ነው። እስከ መጀመሪያው ድረስ ውረድና የሚያሳፍረኝ ነገር ካለ ጠራርግልኝ። እኔ ዛሬ ወረፋው ውጦኛል።»

ወንድሜ። ይቺ ቃል ከሷ አፍ ስትወጣ እንደ መርፌ ናት፤ ቀጭን ነች፣ ግን ትገባለች።

ጠረጋውን የጀመርኩት ከሽቶው ነው። ሽቶው ፋርማሲስታችን ነበር። የሚቀባው ሽቶ ከሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ሥራ ስለሚገባ ነው ስሙ የወጣለት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ትልቁ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ የቅጥሩን ማስታወቂያ የላከላትም እሱ ነው። በእያንዳንዱ ፎቶዋ ሥር አለ። «ንግሥት!» ከነእሳቱ። «ፀሐይ ዛሬ በዚህ በኩል ወጣች እንዴ?» ከነልቡ። ጃንጥላ ይዛ በተነሳችው ሥር ሳይቀር «ዝናቡን አስቀናሽው» ብሏል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ፈታኝ ቢያየው ቢበዛ ፈገግ ይላል። እኔ ግን አጠፋለሁ። ንግሥት ወረደች። ፀሐይ ጠለቀች። ዝናቡም አባራ።

ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላሉ። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ራጅ ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ የስንቱን አጥንት አየሁ። ፊልም ላይ አይወጣም።

«ይተንፍሱ። ጨርሰናል አባባ፣ ሸሚዝዎን ይልበሱ።»

እወርዳለሁ። ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ስደርስ ጣቴ ቀጥ ይላል።

እኔ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። እሷና እኔ አንድ ፊልም ግራና ቀኝ ይዘን መስኮቱ ላይ ዘርግተነዋል፤ የሁለታችንም ዓይን በሳቅ ጠፍቷል። ፊልሙ ላይ የሰው ሆድ አለ፣ ሆዱ መሃል ሦስት ሰው ሠራሽ ጥርሶች ከነማቀፊያቸው ቁጭ ብለዋል። በእንቅልፋቸው የዋጧቸው አንድ ርእሰ መምህር ናቸው። «ሆዱ የሚስቅለት ሰው» ብላ ጽፋበታለች። ጥጉ ላይ ስማቸው ከነአባታቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የካርድ ቁጥራቸው ፍንትው ብሎ ይነበባል። የመዘገብኳቸው እኔው ነኝ። ሰውየው ዛሬም ለደም ግፊታቸው ይመጣሉ። መስኮቴ ላይ ቆመው ሲያወሩኝ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ።

ከዚህ ሌላ ገጿ ላይ የሚያሳፍር የለም። ይቺ ግን ካዩዋት አዲሱን ሥራ ብቻ ሳይሆን አሮጌውንም ታስነጥቃለች። መጥፋት አለባት። በዚህ ሁሉ ዓመት ፎቶ ውስጥ ደግሞ እኔ ያለሁባት እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ወደ ስልኬ ልላካትና ላጥፋት እላለሁ። የሰውየውን ሆድ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ይታየኛል፤ እተወዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ ከዚያም ይብሳል። ባልነካትስ? ፈታኞቹ ያዩዋታል፣ አይወስዷትም። የኛዎቹ አለቆች ምናልባት ተቆጥተዋት ብቻ ይተዋታል። ነገም ከዚህ በር ጀርባ ናት። ሽቶው እዚያ፣ እሷ እዚህ።

አልፋታለሁ።

በሩ ይከፈታል። ያንን ጨረር የሚከላከል ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ከትከሻዋ እያወረደች ትወጣለች።

«እህስ፣ ጠራሁ?»

«ጥርት ብለሻል።»

ስልኩን ትቀበለኝና በቁሟ ታየዋለች። «ውይ! ሽቶውን የት አደረስከው?»

«ፈታኞቹ ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።»

«ምስኪን! እሱ እኮ የመድኃኒት ሚዛኑንም ንግሥት ነው የሚላት።» ትስቃለች። ሳቋ ደስ ይለኛል፤ ጣቷ ግን መውረዱን አይተውም።

ጣቷ ይቆማል።

«እንዴ» ትላለች፣ ዝግ ብላ። ፎቶዋን በሁለት ጣቷ ታሰፋታለች። መጀመሪያ እኔ ከስክሪኑ እወጣለሁ፣ ቀጥሎ ራሷ ትወጣለች፤ የሰውየው ስም ብቻ ይቀራል። «ስማቸው እኮ ይነበባል! እኔስ ምን ነክቶኝ ነው ይቺን የለጠፍኩት? አንተስ አላየሃትም?»

አላየኋትም ማለት እችላለሁ። ምላሴ ጫፍ ላይ ናት።

«አይቻታለሁ።»

«እና?»

«እኔ ያለሁባት እሷ ብቻ ናት።»

ወረፋው ላይ ሰው ያስላል። አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ተራዬ አልደረሰም?» ይላሉ። አትሰማቸውም። አንዴ ስልኩን አንዴ እኔን ታያለች።

«ብወድቅ ደስ ይልህ ነበር?»

መልስ አለኝ፣ የሚነገር አይደለም እንጂ።

ስልኩን መስኮቴ ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «አንተው አጥፋት» ትለኛለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ሴትየዋ ታዞራለች፤ «ይግቡ እናቴ፣ ደርሰዋል።»

ስልኩ «ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እጫናለሁ። ቦታዋ ለአፍታ እንኳ ክፍት አይቆይም። ከሥሯ የነበረችው ፎቶ ሽቅብ ተንሸራታ ትገባበታለች፤ እኔ ሳልቀጠር የተነሷት ናት። ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰልፏል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ሽቶው ደግሞ አጠገቧ ቆሞ ፀሐዩን በአንድ ባዶ ካርቶን ይከልልላታል።