ኮሆ አልበላም ሲል
ማርሊስ የሳልሞን ዓሣ ሾርባውን ለሦስተኛ ጊዜ አሙቃ የበረዶ ጋሪዋን የሚጎትቱትን ውሾች በሚመራው ውሻዋ ፊት አስቀመጠች። ኮሆ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሌሎቹ የጋሪ ተወዳዳሪዎች ከማረፊያው ለመነሳት ውሾቻቸውን እየጠመዱ ነበር። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች።

«የኔ ጌታ፣ አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!» አለችው፤ ጓንቷን አውልቃ ቁራሽ ዓሣ እያጎረሰችው። ኮሆ ዓይን ዓይኗን እያየ ተቀበላት፤ ጭራውንም ቆላላት።

«በላልሽ እኮ!» አለ አጠገቧ የቆመው የውድድሩ የእንስሳት ሐኪም። «በይ ከጋሪው አያይዢውና ሂጂ።»

ማርሊስ ጉንጩን ስትዳብሰው ግን ቁራሹ ሳይታኘክ እንዳለ ነው። «ለኔ ብሎ ነው የጎረሰው» አለች።

«ያለሱ ውድድሩ አበቃልሽ!»

«ያብቃ።»

በሁለት ጣቷ ዓሣውን ከአፉ አወጣችለትና መጠመጃውን ከአንገቱ ፈታች። ኮሆ ያን ጊዜ እግሯ ላይ ተጋድሞ በእፎይታ ዓይኑን ጨፈነ።